ሻይ የማይፈላበት ዳርቻ

ሰሌዳው ላይ የተሳለው የእኔ ማንቆርቆሪያ ነበር። የማንም ማንቆርቆሪያ ሊሆን ይችላል ይሉኛል፤ እኔ ግን ዕቃዬን አውቃለሁ። አፉ ወደ ግራ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ሠዓሊው ቤቴ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ እያየ የሳለው መሆን አለበት። ከዚያ በላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ መስመር አሰመረበት። ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ብሆንም የቀይ መስመር ትርጉም አልጠፋኝም።

ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልኝ። በጀልባ ክልል ውስጥ እሳት ማንደድ፣ መሸጥ፣ ልብስ ማጠብ፣ ከብት ማጠጣት፣ ያለ ሥራ መቆም ክልክል ነው ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገና ፓምፑ ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ። ፓምፑ የትም አይሄድበትም ነበር።

ይህ የሆነው በንጉሡ ጊዜ ነው፤ የጥጥ እርሻው አዋሽን ተከትሎ ቆላውን በሚሞላበት ዘመን። አሁን የማወራው ሰመራ ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ በመስኮት የባጃጅ ትርምስ እያየሁ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ይሄ ሁሉ ሜዳ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነበር። ሰው ያለው ታች፣ ውሃው ዘንድ ነው። ወንዙ ከእርሻው አልፎ ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ዳር የኩባንያው ጀልባዎች የሚያርፉበት ወደብ ነበር። ወደብ ስል መርከብ እንዳታስቡ። ጠጠራማ ጠንካራ መሬት፣ ጀልባ የሚታሰርባቸው የብረት ቋሚዎች፣ የናፍጣ በርሜሎች፣ የባሌ ፓምፕና የእኔ ሻይ ቤት፣ በቃ።

ከባሌ ጋር የተገናኘነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። እሱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሞተር ይፈታ ነበር፤ እኔ ከወሎ መጥቼ አክስቴ ሆቴል ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ እቀዳለሁ። እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። ብርጭቆዬን ባቆሸሸ ቁጥር እሰድበዋለሁ፤ ስድቡ ጣፈጠው መሰለኝ፣ አገባኝ። እርሻው ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ተያይዘን ወረድን። የወረድንበት አገር ግን ወባ አለበት። ክረምት በመጣ ቁጥር ባሌ ይወድቃል፤ በወደቀበት ቀን ደግሞ ደሞዝ የለም። የመጀመሪያውን ዓመት ተራብን። ጎረቤት ቤት ገብቼ ሳልጠራ ማዕድ ላይ የተቀመጥኩበትን ቀን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። በሁለተኛው ዓመት ሰሌንና ግንድ ለምኜ ሻይ ቤቷን አቆምኩ። ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ሰርዶ የምትባል መንደር ላይ ያስቀምጡልኛል፤ ከዚያ የእርሻው መኪና ያመጣልኛል። ከዚያ ወዲህ ባሌ ቢተኛም ምድጃዬ አልተኛም። ስለዚህ ያቺን የሰሌን ቤት የሚነካ ሰው ጉሮሮዬን እንደነካ ነበር የምቆጥረው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ይሄን አልክድም። ያ ዳርቻ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ የሚሆንበት ቦታ ነበር። ላም ትጠጣለች፣ አጠገቧ የጥጥ ለቃሚ ሴት ልብስ ታጥባለች፣ ከሴትዮዋ በታች ዓሣ የሚያጠምድ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው ጀልባ እየተንደቀደቀ ይገባል። አንድ ቀን የፓምፑ አፍ የሰው ሸሚዝ ውጦ ባሌ ከንጋት እስከ ዙህር ሶላት ሲፈታው ዋለ። የሥራ አስኪያጁ እንግዶች በጀልባ ሊንሸራሸሩ መጥተው የአንዷ ወይዘሮ ነጭ ጫማ የላም እበት ውስጥ ገባ። የእኔም ምድጃ ከናፍጣው በርሜል ብዙ አይርቅም ነበር፤ ንፋስ ሲነሳ ፍንጣሪው ወዴት እንደሚበር እኔ ራሴ እየሰጋሁ አይ ነበር። ግን የሰጋሁት እኔ ነኝ፣ የምጠነቀቀውም እኔ ነኝ። ሰው በገዛ ጥንቃቄው ሲባረር ያናድዳል።

ዳርቻውን የከፋፈለው የእርሻው መሬት ቀያሽ ነው። ከደጋ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ረቡዕና ዓርብን ሳያጓድል የሚጾም ክርስቲያን። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ጾሙን የሚፈታው በእኔ ሻይ ነበር፤ ስኳር ሲበዛበት እንኳ አይነጫነጭም። ገመድ አስይዞ፣ ድንጋይ በኖራ እያስቀባ፣ እዚህ ጀልባ፣ እዚህ ፓምፕ፣ እዚያ አጠባ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ሸምበቆው ዘንድ ደግሞ ከብት እያለ ሐይቁን እንደ ዳቦ ቆራረሰው። ችካሎቹን ሲመታ አንዱ ያረፈው ቤቴ ውስጥ ከውሃ ጋኑ አጠገብ ነው። ቢስሚላህ ብሎ እንኳ ሳይገባ ወለሌ ላይ ችካል ተከለ። የንግድ ክልል ደግሞ ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ተባለ። እዚያ ማን አለ? እዚያ የኩባንያው ሱቅ ራሱ ሻይ ይሸጣል፤ በሰሌን የተከለልኩ ሴት ዘንድ የሚመጣ ሰው የለም። ከጀልባ የሚወርደው መንገደኛ ነበር እንጀራዬ፤ እሱ ደግሞ ወደ መጋዘን ጀርባ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ከሁሉ የባሰው ለባሌ የደረሰው ነው። ፓምፑ ጀልባው ክልል አጠገብ ስለሆነ የክልሉ ጠባቂ አንተ ነህ ተባለ። ደንብ የጣሰውን የሚያባርር እሱ፣ ደንብ የጣሰችው የመጀመሪያዋ ሴት እኔ። ያን ማታ ራት ስንበላ አላናገርኩትም። በማግስቱም አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ጀመረ፤ ሥራዬን ቢነጥቁኝ ወዴት እንገባለን አለኝ። እኔም የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ውሸት አይደለም አልኩት።  ተነስቶ ወጥቶ በርሜሉ ላይ ተቀመጠና ሐይቁን ሲያይ አመሸ። ባሌ ዝም ሲል ከሚጮህበት ይልቅ ያስፈራኛል፤ ያን ጊዜ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

ቀያሹ ዘንድ ራሴ ሄድኩ። ቢሮው ሳይሆን ቤቴ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ነው ያገኘሁት፤ ይሄም ይገርማል። ሻዬን እየጠጣ ሻይ ቤቴ እንደሚፈርስ ነገረኝ። እስከ ሐሙስ ራስሽ ካላነሳሽው ትራክተር ልኬ በሰንሰለት አስጎትታለሁ አለ። ለምን ትራክተር ስለው፣ ሥራ አስኪያጁ ሰው ሁሉ እንዲያየው ይፈልጋል አለኝ፤ አንዷ ከቀረች ነገ ሁሉም ችካሉን ይነቅላል ብሎ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስቀመጠና ጥሩ ሻይ ነው ብሎ ወጣ። የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

የቀረኝ የአገሩ ባላባት ብቻ ነበር፤ የዚያ ዳርቻ ግጦሽ የእሱ ጎሣ ነው። ሽማግሌ፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የታጠቀ፣ አማርኛ የሚችል ግን የማያባክነው ሰው። ግራር ሥር አገኘሁትና ወተት አስቀዳልኝ። ነገሬን ከመሃል አልጀመርኩም። ሻይ ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት አፋሮቹ ዳጉ የሚሉትን ወሬ ሲለዋወጡ አይቻለሁ፤ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ይቆማሉ ወይም ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከየት እንደመጣ፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የሰው ጤና፣ ያየውንና የሰማውን ከነምንጩ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የጨመረም የቀነሰም ይጠየቃል። እኔም እንደዚያው ከጤናና ከዝናብ ጀምሬ፣ ሰሌዳውን፣ ችካሉን፣ ሐሙስን ነገርኩት።

ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ትራክተሩን የሚነዳው ማን ነው አለ። የእናንተው ልጅ ነው አልኩ። እርሻው ካሠለጠናቸው የአፋር ሰዎች መሃል በዚያ በኩል ትራክተር የያዘ እሱ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች ያለው፣ እናቱና ወንድሞቹ ከብት ይዘው ሐይቁ ዳር የሰፈሩ። ባላባቱ ጥርሱን በመፋቂያ ሲፍቅ ቆየ።

"ሰው ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም" አለኝ በመጨረሻ። "ይሄን የሚከለክል ሰሌዳ እኔ አላየሁም።"

ይሄ ቃል ምን ይረዳኛል ብዬ እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ምድጃዬን አነደድኩ። ቢያፈርሱትም ሲነድ ያፍርሱት ብዬ። ትራክተሩ በእርሻው ካናል ዳር ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ቀያሹ ከፊት በእግሩ ይመራል፤ ሰንሰለቱ ከኋላ ጠጠሩን እየፋቀ ይጎተታል። ነጂው ዓይኑን ከመሪው አላነሳም። የእኔን ሻይ ስንቴ የጠጣ ሰው ነው። ባሌ ፓምፑ ዘንድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ በመፍቻ የሆነ ብሎን ያጠብቃል፤ ያ ብሎን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር። እኔ ወገቤን በነጠላ አስሬ መሃል ምሰሶውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ያኔ ከማዶ ጀልባ ገባ። ሰው ሞልቶበታል። የመጀመሪያው ሰው እግሩ ጠጠር እንደነካ ነጂውን በአባቱ ስም ጠራው። ነጂው አየው፤ ቀያሹን አየ፤ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ሰላምታ ሰጠው፤ ቁጢጥ አሉ፤ ዳጉ ተጀመረ። ያኛው ስለ ማዶው ሣር፣ ስለ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ስለ አንዲት ሴት መውለድ ይናገራል፤ ነጂው በየመሃሉ በጉሮሮው እየተቀበለ ይሰማል። ሲጨርሱ ሁለተኛው ወረደ፤ እሱም አለው። ሦስተኛውም አለው። ባላባቱ ከኋላ ወርዶ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ፤ ወደ እኔ እንኳ አላየም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሣቄን በነጠላዬ ያዝኩት።

ቀያሹ መጀመሪያ ታገሠ። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ጮኸ። ነጂው በእጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠው እንጂ አልተነሳም፤ እየተነገረው ያለ ሰው ተነስቶ ቢሄድ ዕድሜ ልኩን የሚወራበት ነውር ነው። ቀያሹ ትራክተሩ ላይ ወጣና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ይቺ ቤት ሳትፈርስ ይሄ ትራክተር አይንቀሳቀስም፣ ማንም ወዴትም አይሄድም አለ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። አንተ ጠባቂ ነህ፤ ያለ ሥራ የቆመውን ሁሉ ከክልሉ አስወጣልኝ አለው።

ባሌ መፍቻውን አስቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ቀስ ብሎ መጣ።  ይሄ ሰው አሁን ከሚናገረው ነገር ጋር ዕድሜ ልኬን እኖራለሁ ብዬ አሰብኩ።

"ጌታዬ፣ የተከለከለው መቆም ነው" አለ። "እነዚህ ሁሉም ተቀምጠዋል።"

ከዚያ እሱም ቁጢጥ አለ። ከሳምንት በላይ ያላየሁትን ባሌን በዚያች ሰዓት አየሁት። ሻይ ቀዳሁለት። ለሁሉም ቀዳሁ፤ በተከለከለ እሳት የፈላ ሻይ በተከለከለ ቦታ። ለቀያሹም ዘረጋሁለት፤ ፊቱን አዞረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ጠጠሩ ይፋጃል፤ እኛ እናሸንፋለን የሚል ስሜት ገብቶኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ትራክተሩን ለእርሻ እንደሚፈልገው ሁሉም ያውቃል። እስከዚያ ወሬ አያልቅም።

ያ አረጋዊ እረኛ የመጣው በዚህ መሃል ነው። በካናሉ መንገድ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሳይሮጥ። ነጂው ተራውን ለእሱ ሰጠ። እረኛውም እንደ ሥርዓቱ ጀመረ፤ ከየት እንደተነሳ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ። አፋርኛ እኔ የማውቀው ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ባሌ ግን ደህና ይሰማል። ጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ድንገት ትንፋሹ ሲቆም ተሰማኝ። ምን አለ አልኩት። ከብት እየሰመጠ ነው አለኝ በሹክሹክታ። ሸምበቆው ዘንድ፣ አዲሱ የከብት ክልል ውስጥ። የእርሻው ትርፍ ውሃ በዚያ በኩል መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ መሬቱ ረግቶ አያውቅም፤ ዛሬ ጠዋት ውሃ ሊጠጡ የገቡት ላሞች እስከ ሆዳቸው ገብተው መውጣት አቅቷቸዋል። የእረኛው ዓይን አላየም፤ ያየችው ሴት ለልጇ ነግራ፣ ልጇ ለእሱ ነገረው። ከብቶቹ የነጂው እናት ናቸው።

እረኛው ግን ገና እየተናገረ ነበር። ወሬ ግማሹ አይሰጥም። የትኛዋ ላም ፊት እንደገባች፣ ማን በገመድ እንደሞከረ፣ ገመዱ የት እንደተበጠሰ በየተራው ይናገራል፤ ነጂው ጉልበቱን አቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ እስከ መጨረሻው ይሰማል። እኔ ተነስቼ የሽማግሌውን አፍ በእጄ ላፍን ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲጨርስ ነጂው ከመሬት ተፈናጥሮ ተነሳና ለቀያሹ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን አለ። ትራክተርና ሰንሰለት ካልሆነ በቀር ያን ጭቃ የሚያሸንፍ ነገር እንደሌለ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ቀያሹ ሣቀ። በዚህ ሣቅ አልፈርድበትም፤ ከጠዋት ጀምሮ የጉድጓድና የሣር ወሬ ሲነገርበት የዋለ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ከብት ሰመጠ አላችሁ አለ። እረኛውን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ሰውየው ጭቃ የሚባል አልነካውም። ባላባቱ ከጥላው ተነስቶ መጣና ይሄ እውነት ነው አለው።

"የጠዋቱስ ምን ነበር?" አለ ቀያሹ።

"እሱም እውነት ነው።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ቤቷ ይፍረስ" አለ ቀያሹ፤ "ከዚያ እውነታችሁን ይዛችሁ ወደፈለጋችሁበት ሂዱ።"

ባላባቱ ወደ ጥላው ተመለሰ። እኔ ግን ያን ጊዜ የሆንነውን ለየሁት። እኛው በፈጠርነው ብልሃት የተነሳ ቀያሹ ጆሮውን ደፍኗል፤ እውነቱ ሲመጣ የሚገባበት በር አጣ። ነጂው ሰንሰለቱን ከኋላ አንስቶ ወደ ቤቴ መጣ። ሊያፈርስ ነው የመጣው፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ግን ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የጎሣው ሰዎች እያዩት፣ ስለ እኔ ብለው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የተቀመጡለትን ቤት በገዛ እጁ ሊጎትት አልቻለም።  ሸምበቆው ዘንድ እናቱ አለች፤ እዚህ ጎሣው አለ፤ ሰውየው በመሃል ደርቆ ቀረ። ከሸምበቆው በኩል የላም ድምፅ የሰማሁ ሁሉ መሰለኝ፤ ግን ሩቅ ነው፣ ልሰማው አልችልም ነበር።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በቀያሹ፣ በባላባቱ፣ በእረኛው፣ በአላህ አስተግፊሩላህ። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ የቀረውን ሻይ እሳቱ ላይ ገለበጥኩት። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ከዚያ ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አንስቼ የመሃል ምሰሶውንና ማገሩን ያሠረውን ገመድ ቆረጥኩ። ያን ገመድ የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ጊዜ አልተቆረጠም፣ ደጋግሜ ነው የገዘገዝኩት፤ ለምን እንዲህ አጠበቅሽው እያልኩ ራሴን እየሰደብኩ። ባሌ ሊይዘኝ ተነሳ። ዓይኔን ሲያይ ተወኝ፤ ከዚያ መጥቶ በሌላው በኩል ምሰሶውን ገፋልኝ። ጣሪያው መጀመሪያ ተንገዳገደ። ከዚያ አቧራውንና ሰሌኑን ይዞ በብርጭቆዎቼ ላይ ወረደ። የብርጭቆ ድምፅ የሚያሳዝን ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

"ፈረሰልህ" አልኩት ቀያሹን፤ እርስዎ ማለት ያን ጊዜ አልታየኝም። "ቁልፉን ስጠው።"

ቀያሹ የፈረሰውን አየ፤ እኔን አየ። ሴት ለብልሃት ብላ የራሷን ጉሮሮ አትቆርጥም፤ ይሄን እሱም ያውቃል። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ አምልጦት ጠጠር ላይ ወደቀ፤ ነጂው ከመሬት ለቅሞ ትራክተሩ ላይ ዘለለ። ቀያሹ ራሱ ከኋላ ተንጠላጠለና አብሮት ሄደ። ባሌም፣ ከጀልባ የወረዱትም ሁሉ ተከትለው ሮጡ። ወደቡ ላይ እኔና ባላባቱ ብቻ ቀረን፤ እሱ መሮጫ ዕድሜው አልፏል።  አንድ ያልተሰበረ ብርጭቆ ከሰሌኑ ሥር አውጥቶ፣ በሽርጡ ጠርጎ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠልኝ።

ቀሪውን ቀን የሚቀመጠውንና የሚጣለውን ስለይ ዋልኩ። አለቀስኩ። ስለ ላሞቹ አላለቀስኩም፤ ለምን ብዬ እዋሻለሁ? ስለ ክረምቱ ነው ያለቀስኩት። ባሌ ሲተኛ ምን እንደምናደርግ አላውቅም ነበር። ከዚያ ያቺ የጎረቤት ማዕድ ትዝ አለችኝ፣ ልብሴ ሁሉ የጠበበኝ መሰለኝ።

ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ስትጠጋ ነጂው መጣ። ከእግሩ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፤ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ባሌ ከኋላው አለ፣ እሱም እንደዚያው። ነጂው ትራክተሩን ከወደቡ ውጪ፣ ኖራ ከተቀባው ድንጋይ ማዶ አቆመና በእግሩ ገባ። የፈረሰው ሰሌን ፊት ቁጢጥ አለ። ሻይ ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ዳጉ ሲለዋወጡ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ለእኔ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ሻይ የምቀዳ የሌላ አገር ሴት ነኝ። እሱ ግን በአማርኛ ለእኔ ጀመረ። ከዚህ እንደተነሳ፣ መንገዱ ደህና እንደነበር፣ እናቱ ጤና መሆኗን። ከዚያ ላሞቹን በተራ፤ መጀመሪያ የትኛዋን ጎተቱ፣ ሰንሰለቱን ቀያሹ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንዳሠረ፣ አብዛኞቹ እንደወጡ፣ ሁለቱ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አልቆ እንደነበር። አንዷ እርጉዝ ነበረች አለ። ከነገ ጀምሮ ከብት ጠዋት ጠዋት በዚህ በወደቡ ጠጠር እንዲጠጣ ቀያሹ ለሥራ አስኪያጁ እንደሚነግር ቃል መግባቱን በጆሮው ሰምቷል። ጠጠሩ ላይ ከብት የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ሻይ ቤቴ የነበረበት ብቻ ነው። ይሄንንም አልደበቀኝም።

አላቋረጥኩትም። እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ሲጨርስ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ባሌ ነው በክርኑ የነካኝ። ተራው የእኔ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩና በሥርዓቱ ጀመርኩ። እኔ ጤና ነኝ፣ ባሌ ጤና ነው፣ ዝናብ የለም አልኩ። ዛሬ ከማዶ ሰው መጥቶ ነበር፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ አቆምኩ። ሁለቱም ጠበቁኝ፤ አንዱም በርቺ አላለኝም፤ አንዱም ይቅርብሽ አላለኝም።

"ቤት ነበረኝ" አልኩ። "ዛሬ ቀትር ላይ ፈረሰ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ከማንም አልሰማሁትም።"

ነጂው ሰምቻለሁ ሲል በጉሮሮው ተቀበለኝ፤ ጭቃውን ሳያራግፍ ተነስቶ ወሬውን ይዞ ሄደ።